የጎበዜ ጋምባሌ

ወረታ፣ ግንቦት 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለመንግሥቴ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጀምርም። ደህና ብትሆንም ብትታመምም ለእኔ አንድ ነው። ደብዳቤህን ንብረት ሹፌሩ አምጥቶ ሰጥቶኛል። ንብረት ፊደል ስለማይለይ ከማን እንደ መጣ አላወቀም። እኔ ግን አባቴ መሪጌታ ማረው ዳዊት አስደግመውኛል፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ቀስ ብዬም እጽፋለሁ። ይህችን ስጽፍ ከብቶቹ ርብ ወርደው ጠጥተው ተመልሰዋል።

«ያለሁበትን እናቴ እንኳ አታውቅም፤ ለእርስዎ ብቻ ነግሬያለሁ፤ ከፈለጉ ለወንድምዎ ይስጡት» ብለሃል። ይህን ስትጽፍ ጀግና የሆንህ መስሎህ ይሆናል። «ለልቅሶ ልምጣ ወይ» ማለትህንም አይቻለሁ። አትምጣ። ወንድሜ ካሴ ምንሽሩን ወልውሎ በር ላይ ተቀምጧል። ልጄን በቀበርን ማግስት ከተከራየህበት ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። አንተ የለህም፤ ያገኘው ታኬታህን ብቻ ነው።

ታኬታው እኔ ዘንድ ነው። ከምሰሶው ላይ፣ የልጄ የጎበዜ አባት በሕይወት ሳለ ጠመንጃውን ይሰቅልበት ከነበረው ቦታ ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ ሲገባ «ይህ ምንድን ነው?» ይለኛል። «የልጄ ገዳይ ነው» እለዋለሁ። ከሥሩ የተመታው ቆዳ አልቆ ምስማሩ ወጥቷል። አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ደማ። ይህን ምስማር አላየኸውም ነበር?

ሌሎቹ ልጆች የነገሩኝን ልንገርህ፣ የረሳኸው እንዳለ። ትምህርት ሲለቀቅ ለሁለት ተከፍለው ይጫወቱ ነበር። አንተ አስተማሪያቸው በአንዱ ወገን ሰው ጎደለ ብለህ ገባህ። ልጆቹ ሁሉ በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ምስማር የረገጥህ አንተ ብቻ። ጢም ያለህ ሰው ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ኳስ ልትቀማ እግርህን ሰነዘርህ። የራስህን ቅልጥም ግን ከካልሲህ ሥር በጋምባሌ ሸፍነህ ነበር። የልጄ ቅልጥም ተተረተረ፤ ያንተ ላይ አቧራ እንኳ አልደረሰም።

ከዚያ ካልሲህን አውልቀህ ቁስሉን አሰርህለትና «ለእናትህ እንዳትነግር፤ ከነገርሃት ሁለተኛ አትለቅህም» አልኸው። ልጄ አመነህ። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ እያነከሰ ሲገባ «ምን ሆንህ?» አልሁት፤ «እሾህ ነው እማ» አለኝ። ከብት በሚውልበት ሜዳ የተወጋ እግር ወዲያው መታጠብ እንዳለበት እኔ አውቅ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር መርፌ እንዳለውም አውቅ ነበር። እውነቱን የነገረኝ መንጋጋው ሊቆለፍ ሲል ነው። ድሬሰሩ «ምነው ያን ጊዜ ባመጣሽው!» አለኝ። እኔን ነው የተቆጣው።

ያለህበትን ለካሴ አልነገርሁትም። ምሕረት እንዳይመስልህ። ካሴ ቢያገኝህ አንዲት ጥይት ናት። አንዲት ጥይት ታንሰኛለች።

አገኘሁሽ ማረው፣ የጎበዜ እናት


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ አገኘሁሽ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ ብዬ ብጽፍ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ሌላ የምጀምርበት ግን አጣሁ።

ማስተማሩን ትቻለሁ። በአንድ ወፍጮ ቤት እህል እመዝናለሁ። ዱቄቱ ፊቴን ስለሚያለብሰው ማንም አስተማሪ ነበር ብሎ አያስብም።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ምስማሩን አይቼው ነበር። ቀጥቃጩ ዘንድ ወስጄ ላስመታው አስቤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ታኬታ ያለው አስተማሪ በወረታ እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ፣ አውልቄው መግባት ከበደኝ።

ስለ ጋምባሌውም የሰሙት እውነት ነው። ጎበዜ ከጨዋታው በፊት «ጋሼ፣ እናቴ እንደ እርስዎ ያለ ጋምባሌ ልታሠራልኝ ነው፤ ክሩን ፈትላ ጨርሳለች» ብሎኝ ነበር። እኔም በልጆቹ ፊት «ጥጥ ጠምጥመህ ልትጫወት ነው? አራስ ነህ እንዴ?» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ይቅርታ ብዬ መጻፍ ይቀለኛል፤ ስለሚቀለኝ ተውሁት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። እናቴን ታይቱን በገበያ ቀን ቢያዩዋት እንዴት እንደ ሆነች ይጻፉልኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።

መንግሥቴ


ወረታ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለመንግሥቴ፣

የዘገየሁት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ስለ ዋጠው ነው። መኪናውም ጭቃ ይዞት ሰነበተ። አንተ የተጫወትህበት ሜዳ አሁን ባሕር ነው፤ ዳክዬ ይዋኝበታል።

«አራስ ነህ እንዴ» ያልኸውን አላውቅም ነበር። የጠየቅሁህ ሌላውን ነበር፤ ይህን ራስህ ጨመርህልኝ። አመሰግናለሁ። ቁጣዬ ሊበርድ ሲል እንጨት አቀበልኸኝ።

ጋምባሌው ደርሷል። ሸማኔው የሻው የጎበዜን መሞት ሳይሰማ ሠርቶ፣ በሐዘን ቤት ሰው መካከል ይዞት ገባ። ሁለት ጥብጣብ ነው፤ ወፍራም፣ እጥፍ ድርብ ተደርጎ የተሠራ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚጠመጠም። «ለልጁ እንካ በይው» አለኝ። የሻው ዓይናችንን አየና ቁጭ ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ። እኔ ጥብጣቦቹን ተቀብዬ በመቀነቴ አሰርኋቸው፤ እስከ ዛሬ አልፈታኋቸውም።

ካሴ ተቸግሯል። በገበያ «ካሴ፣ ጠመንጃህን ለማሽላ ጠባቂ አውሰው፣ ወፍ እንኳ ያባርርበት» ይሉታል። ማታ እኔ ላይ ይመጣል። «እቴ፣ ሰውየው የት እንዳለ ታውቂያለሽ። የምትደብቂኝ እስኪያረጅ ነው?»

«ስፈልግ እነግርሃለሁ።»

«የእኔ ደም ነው እኮ!»

«ለአንተ የእኅትህ ልጅ ነው። ለእኔ ልጄ ነው። ወረፋህን ጠብቅ» አልሁት። መምሬ ደረሰም ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው በጡት ልጅነት ታረቂ ይሉኛል፤ አንተ እሺ ትል እንደ ሆነ ጻፍልኝ።

ስለ እናትህ ጠይቀሃል። መጥታ ነበር። ከይፋግ በእግሯ መጥታ፣ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ ከአጥሬ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመች። ግቢ አላልኋትም። ለረዥም ጊዜ አየኋት።

«አገኘሁሽ፣ ልጄ፣ የሞተውን አልመልስልሽም። የእኔ ግን አለ ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ ታይቱ» አልኋት።

ድንጋዩን እንደ ተሸከመች ተመለሰች። ያን ቀን እራቴን ጠግቤ በላሁ፤ ልጄ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አገኘሁሽ


ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 25 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ አገኘሁሽ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እናቴ ድንጋይ ተሸክማ ቆመች ያሉትን ካነበብሁ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። እኔን ይጥሉኝ፤ እሷ ምን አደረገች? በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ በሕይወት መኖሬን ብቻ ይንገሯት። የት እንዳለሁ አይንገሯት፤ ዘመዶችዎ ቢያስጨንቋት ትናገራለችና።

መምሬ ደረሰ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው ያቀረቡልዎትን ሐሳብ እቀበል እንደ ሆነ በደብዳቤዎ ጠይቀውኛል። እቀበላለሁ። ማር በጡትዎ ተቀብቶ፣ በሽማግሌ ፊት ጠብቼ፣ ልጅዎ ብሆን፣ ወንድምዎ የእኅቱን ልጅ አይገድልም፤ እኔም አገሬ እገባለሁ፣ እናቴንም አያለሁ። ይህን የምለው ሞት ፈርቼ ብቻ አይደለም። ፈርቼም ነው።

መንግሥቴ


ወረታ፣ ኅዳር 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለመንግሥቴ፣

ለሽማግሌዎቹ አልፈልግም ብያቸዋለሁ። መምሬ ደረሰ መስቀላቸውን ይዘው ከደጃፌ ላይ ሦስት ጊዜ ወደቁ። «ልጄ፣ ሰውየው አውቆ አላደረገውም» አሉኝ።

«ታኬታውስ አባቴ? እሱንም ሳያውቅ ነው ያጠለቀው? ጋምባሌውንስ ለራሱ ብቻ ያሰረው ሳያውቅ ነው? ‹ለእናትህ አትንገር› ያለው ተኝቶ ነው?» አልኋቸው። ጡቴ የጎበዜ ነው። ጠላቴን አላጠባበትም።

ሽምብራው ዘንድሮ በቅሏል። ውሃው ከሸሸ በኋላ ሜዳው ደርቋል፤ ልጆቹም ኳስ ጀምረዋል። አዲሱ አስተማሪ ጫማ አያደርግም። ሲሮጡ ከሩቅ እሰማቸዋለሁ፤ ጆሮዬን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ስለ እናትህ ያልኸውን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ እጄ ደክሟል።

አገኘሁሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ አገኘሁሽ፣

ስለ እናቴ አልመለሱልኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ ስለ ሽምብራ ጻፉልኝ፣ ስለ ካሴ ጻፉልኝ፣ ስለ እሷ ግን አንድ ቃል የለም። አንድ ነገር አለ። ለጥምቀት ተነሥቼ እመጣለሁ። ካሴ ቢያገኘኝም ያግኘኝ።

መንግሥቴ


ወረታ፣ ጥር 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለመንግሥቴ፣

እናትህ ደህና ናት። ካሴ በጥምቀት ይፋግ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ያገኝሃል። ብትሞት የምትገድላት እሷን ነው። ቁጭ በል።

አገኘሁሽ


ወረታ፣ የካቲት 16 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለመንግሥቴ፣

ዛሬ የጎበዜ ሙት ዓመት ነው። ቀሳውስቱ በልተው ሄዱ፤ ሰውም ተበተነ። ይህችን ለመጻፍ ይህን ቀን ጠብቄያለሁ።

እናትህ ታይቱ ሞታለች። የተቀበረችው በጥምቀት ሰሞን ነው። «ደህና ናት» ብዬ ስጽፍልህ፣ ከላይ ወረታ ብልም፣ ይፋግ ከመደቧ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

የታመመችው በኅዳር ነው። በሰው ልካብኝ «ንብረት ለአገኘሁሽ ደብዳቤ ያመጣል ይላሉ፤ ከልጄ ከሆነ መታመሜን ላኪበት» አለችኝ። እኔ ራሴ ሄድሁ። የሄድሁት ላያት ነው፤ ልጇን እየጠራች ስትተኛ ለማየት። እንድትወደኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ እውነቱ ይህ ነው።

በሕይወት መኖርህን ነገርኋት። ይህን ለምነኸኝ ነበር፤ ይህን አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ለራሴ አደረግሁ።

«ላክሽበት?» ትለኛለች።

«ልኬበታለሁ፣ እትዬ።»

«ምን አለ?»

«መንገድ ላይ ነኝ አለ።»

ቤቷ ከመንገዱ አይርቅም። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷን ታነሣለች። «ቆመ?» ትላለች። «አልቆመም፣ እትዬ።» «ቀጣዩ ይሆናላ» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ስቃ «የእኔ ልጅ ከትንሽነቱ ዘገምተኛ ነው፤ ምጡም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ከእሷ ጋር ሳቅሁ። ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምሁና ተመልሼ ገባሁ። ያኔም አልላክሁብህም።

ልጄ ሲያነክስ እኔ እንዳላውቅ አደረግህ። እናትህ ስትሞት አንተ እንዳታውቅ አደረግሁ። ደሜን መልሻለሁ።

ለካሴ ነግሬዋለሁ። «እቴ፣ ተመለሰ የምትይው ደም የታለ ሬሳው?» አለኝ።

«ይፋግ ተቀብሯል» አልሁት።

ከዚያ ምንሽሩን አነሣና «አንቺስ ከእኔ ትብሻለሽ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለህበትን አልጠየቀኝም።

አሁን ጡቴን እሰጥሃለሁ። መምሬ ደረሰ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ይሁን ብለዋል። ራርቼ እንዳይመስልህ። የሞተ ሰው አይታዘዝም፤ ልጅ ይታዘዛል። የእኔ ልጅ ስትሆን የማዝዝህ ይህ ነው። ወረታ ትመለሳለህ። ልጆቹ በሚጫወቱበት ቀን ሁሉ ከዚያ ሜዳ ትገኛለህ፤ ያለ ጫማ፣ ያለ ካልሲ፣ ያለ ጋምባሌ። ጫማ ያለው ልጅ ከመግባቱ በፊት የጫማውን ሥር በባዶ ቅልጥምህ ላይ ይጎትተዋል። ካደማህ ያ ጫማ አይገባም። እኔ ከዳር ቆሜ አያለሁ። እስክታረጅ ድረስ ነው።

አገኘሁሽ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 6 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አገኘሁሽ፣

ደብዳቤዎን ወፍጮው እየዞረ አነበብሁት። ስጮኽ ማንም አልሰማኝም።

ይህን ያህል ጊዜ እርስዎ ስለ እኔ ያሰቡትን ዛሬ እኔ ስለ እርስዎ አሰብሁ። ልነሣና ልሂድ፣ ከቤትዋ ልግባ፣ ጉሮሮዋን ልያዝ አልሁ። እጄን አየሁት። ዱቄት ነው። ቁጭ አልሁ። አሁን እኩል ነን ልበል? አይደለንም። የእኔ እናት አርጅታ ነው የሞተችው።

እመጣለሁ ወይም አልመጣም አላልሁም። አስቀድመው አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ልጇ አጠገቧ ሳይኖር ማን ዓይኗን ጨፈነ? ማን ገነዛት?

መንግሥቴ


ወረታ፣ መጋቢት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለመንግሥቴ፣

እኔ ነኝ።

ጎረቤቶቿ ለጥምቀት ታቦት ሊያጅቡ ወጥተው ነበር። ከቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። መኪና አለፈ። «ቆመ?» አለች። በዚያን ጊዜ «ቆሟል፣ እትዬ፤ ወርዷል፤ እየመጣ ነው» አልኋት። ዓይኗ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ጨፈንሁት።

ሰው እስኪመለስ ሰውነቷ እንዳይደርቅ አጥቤ ዘረጋኋት። እግሯን የማስርበት ጨርቅ ፈለግሁ፤ ከቤቷ የረባ አልነበረም። ከመቀነቴ ከጎበዜ ጋምባሌ አንዱን ፈታሁ። ለልጄ ቅልጥም የፈተልሁት ክር ነው። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን አሰርሁበት፤ የተረፈውን እስከ ጉልበቷ ጠመጠምሁት። በዚያው ተቀበረች። ለመበቀል ሄጄ ነበር፤ እጄ ሌላ ሥራ ያዘ። አልተጸጸትሁም፤ ያለፈውንም አልመለስሁልህም።

አንዱ ቀርቷል። የሻው ዘንድ ወስጄዋለሁ። ለሚጫወቱት ልጆች ሁሉ በእሱ ልክ ይሠራል፤ ክሩን እኔ እፈትላለሁ። አራስ ነህ ብሎ የሚስቅባቸው አይኖርም፤ ከእያንዳንዱ ልጅ እግር ሥር ተንበርክከህ፣ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ የምትጠመጥምላቸው አንተ ነህ። ይህንን ባለፈው ትእዛዝ ላይ ጨምረው።

ማሩ ተቆርጦ ተቀምጧል። ንብረት ቅዳሜ ቅዳሜ ያልፋል። ስትመጣ በባዶ እግርህ ውረድ። ካሴ መንገዱ ዳር ይቆማል፤ አትፍራው፣ ምንሽሩን እቤቱ እንዲያስቀር አድርጌዋለሁ።

ታኬታህን ከምሰሶው አውርጄዋለሁ። ምስማሩ እንዳለ ነው፤ ቀጥቃጭ አላስነካሁትም። በቅልጥምህ ላይ አስቀድሞ የሚያልፈው እሱ ነው፤ የምጎትተውም እኔ ነኝ። ከዚያ ውሃ አፍልቼ ቁስሉን አጥብልሃለሁ፤ እጅህን ይዤ ድሬሰሩ ዘንድ እወስድሃለሁ። አንተ አትደብቀኝም።

እናትህ አገኘሁሽ